የማይቸኩለው ድምፅ

ጠቡ የተነሣው በዘፈን ነው።

በመኝታ ክፍላችን ከእኔ በላይ የሚተኛው ጓደኛዬ፣ ስሙን ባወጣው ስለማይወድልኝ «ባለላይ» ልበለው፣ ማታ ሲያጠና ጸጥታ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ያለ ዘፈን አንድ ገጽ አይገባልኝም። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የደረስንበት ስምምነት «ለስላሳ ዘፈን ብቻ፣ ያውም በትንሽ ድምፅ» የሚል ነበር። ለስላሳ ከተባለ ከናት ኪንግ ኮል የበለጠ የሚለሰልስ ከየት ይመጣል ብዬ ባለፈው የፈተና ሰሞን አንዱን ዘፈኑን ከፈትኩ። ገና ግማሽ ሳይደርስ ባለላይ አንገቱን ከአልጋው ጠርዝ ቁልቁል ዘቅዝቆ አፈጠጠብኝ።

«ስማ፣ ይኼ ሰውዬ እኮ ወገኖቹ በፖሊስ ውሻ ሲዘነጣጠሉ ስለ ፈገግታ የሚዘፍን ነበር። የነጮች ሳሎን ማድመቂያ! ዝጋልኝ አቦ!»

ዘጋሁት። የዘጋሁት ግን ተረትቼ አይደለም። ቃሉ የራሴ ስለነበረ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ይኸንኑ ነገር፣ እንዲያውም ከዚህ በከፋ አነጋገር፣ ለአያቴ ተናግሬው ነበር።

አያቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በወጣትነታቸው ፒያሳ ከአንድ ቡና ቤት ጎን በተከራዩዋት ጠባብ ክፍል የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ሱሪ ሲያሳጥሩና ኮት ሲገለብጡ፣ ከግድግዳው ማዶ የቡና ቤቱ ጁክቦክስ ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል። ሳንቲሙን የሚከፍለው ሌላ፣ የሚሰሙት እሳቸው። ከዚያ ሁሉ የፈረንጅና የሀገር ዘፈን አንዱን ለይተው ወደዱ። «ራምብሊን ሮዝ» ይባላል፤ የወጣው በ1962 ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደዚያው ናቸው)። ሸክላውን ገዙት፤ ትንሿን፣ መካከሏ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ያላትን ባለ 45 ዙር። የገረመኝ ነገር፣ ሲገዙት ማጫወቻ አልነበራቸውም! ማጫወቻው የመጣው ከስንት ጊዜ በኋላ፣ አያቴን ካገቡ ወዲያ ነው። እስከዚያ ድረስ ሸክላዋ ከጨርቅ ናሙናዎች መካከል ተቀምጣ ቆየች። እንግሊዝኛ አይችሉም። «ሮዝ» የምትለዋን ብቻ ይይዙና የቀረውን በምንም ቋንቋ ባልሆነ ቋንቋ ያንጎራጉሩታል። ልጅ ሆኜ ይኸ እውነተኛ እንግሊዝኛ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ለዕረፍት ቤት ስገባ፣ አንድ ሁለት መጽሐፍ ያነበበ ሰው ሁሉ እንደሚሆነው አፌ ተከፍቶ ነበር። አያቴ ከምሳ በኋላ እንደልማዳቸው ሸክላዋን አስቀመጡ። እኔም፣ «አባባ፣ ይህ ሰው እኮ ነጮች እንዲወዱት ብሎ ድምፁን ያለዘበ ነው። አሽከራቸው ነበር። የሚሰሙት ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ ነው የሚሰሙት» አልኳቸው። አያቴ መርፌዋን በሁለት ጣታቸው ብድግ አደረጓት።

«እኔ ፖለቲካውን አላውቅም» አሉኝ። «የዚህ ሰው ድምፅ ግን አይቸኩልም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለነገ አድርስልኝ፣ ለሠርግ አድርስልኝ፣ ለለቅሶ አድርስልኝ ከሚል ሰው ጋር ነው የኖርኩት።»

ማጫወቻውን ከደኑት። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ባለሁበት ከፍተውት አያውቁም።

ስለዚህ ባለላይ ያንኑ ቃል ከላይ ሲወረውርብኝ፣ ራሴን ከታች ሆኜ ያየሁት ያህል ሆነብኝ። በማግሥቱ ለፈተና የሚጠና ስንት ነገር እያለ እኔ ስለ ናት ኪንግ ኮል የተጻፈ ፍለጋ ገባሁ። (ፈተናውን ስለማለፌ አትጠይቁኝ።)

ናት ኪንግ ኮል ያወጣለት ሙያው ነው እንጂ የቤት ስሙ የኛው ናትናኤል ነው፤ ናትናኤል አዳምስ ኮልስ። በ1919 በአላባማ ክፍለ ሀገር በሞንትጎመሪ ከተማ ተወለደ፤ ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ቺካጎ ፈለሰ። አባቱ የባፕቲስት ሰባኪ፣ እናቱ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ነበሩ። መጀመሪያ የታወቀው በድምፁ ሳይሆን በጣቶቹ ነው። ፒያኖ፣ ጊታርና ባስ ብቻ ይዞ፣ ከበሮ ሳይጨምር በሦስት ሰው የሚጫወት የጃዝ ጓድ ነበረው፤ ያን ዓይነት አደረጃጀት ሌሎች ታላላቅ ፒያኒስቶች ተከትለውታል። ዘፈኑ ጣልቃ የምትገባ ማጣፈጫ ነበረች። የኋላ ኋላ ማጣፈጫዋ ወጡን ዋጠችው።

ቀድሞ ስም ያወጣለትን ዘፈን ራሱ ነው የደረሰው። ሐሳቡን ያገኘው ከአባቱ ስብከት ነው፤ ዝንጀሮና ጥንብ አንሣ ያሉበት ተረት ነው። ጥንብ አንሣው እንስሶችን ላንሸራሽራችሁ እያለ በጀርባው ያወጣና ከሰማይ ጥሎ ይበላቸዋል፤ ብልሁ ዝንጀሮ ግን አንገቱን አንቆ ቀጥ ብሎ እንዲበር ያስገድደዋል። ናት ይህን ዘፈን ችግር ላይ ሳለ በ50 ዶላር ሸጦት ነበር። በ1943 መጨረሻ ለካፒቶል ኩባንያ ቀዳው፤ በ1944 አገር ምድሩን አዳረሰው።

እዚህ ላይ ስለ ሠንጠረዡ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ የነገሩ ሆድ ዕቃ ያለው እሱ ዘንድ ነውና። ቢልቦርድ የተባለው የሙዚቃ ነጋዴዎች መጽሔት በ1940 በየሳምንቱ በብዛት የተሸጡትን ሸክላዎች ከአንደኛ ጀምሮ በደረጃ ማውጣት ጀመረ። ከሸክላ ሻጮች በዚህ ሳምንት ምን እንደተሸጠ፣ ከጁክቦክስ ነጋዴዎች የትኛው ዘፈን ብዙ ሳንቲም እንደዋጠ፣ ከሬዲዮ አቅራቢዎች የትኛው እንደተደጋገመ ይጠይቃል፤ ቆጥሮ ያትማል። ታዲያ ቆጠራው አንድ አልነበረም። ከ1942 ጀምሮ ጥቁሮች የሚገዙት ዘፈን ለብቻው ይቆጠር ነበር። መጀመሪያ ስሙ በኒው ዮርክ የጥቁሮች ሠፈር «የሃርለም» ተባለ፤ ከ1945 ጀምሮ ሳያፍሩ «የዘር ሸክላዎች» አሉት፤ በ1949 ደግሞ ስሙን አሳምረው «ሪዝም ኤንድ ብሉዝ» አደረጉት። ስሙ ሁለት ጊዜ ተለወጠ፤ አጥሩ ግን ያው ነው።

የናት የዝንጀሮና የጥንብ አንሣ ዘፈን በዚህ አጥር ላይ ምን አደረገ? በሃርለም ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት የገጠር ነጮች ዘፈን በሚቆጠርበት በሌላው የጁክቦክስ ሠንጠረዥም አንደኛ ወጣ! አስቡት እንግዲህ፤ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ በማይፈቀድላቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች ቡና ቤት፣ በአንድ ሳምንት፣ አንድ ዓይነት ሳንቲም ለአንድ ዓይነት ዘፈን ይወድቅ ነበር። ቀጥሎ በማርች 1945 መጽሔቱ የሸክላ አልበሞችን ለመጀመሪያ ጊዜ በደረጃ ሲያወጣ፣ በዚያች በመጀመሪያዋ ዝርዝር አናት ላይ የተቀመጠው የናት የሦስት ሰው ጓድ ነበር።

ለምን እሱ? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ማይክሮፎን ነው። ኤሌክትሪክ ቀረጻ በ1925 ከመምጣቱ በፊት ዘፋኝ የሚባለው የሚጮኽ ነበር፤ በትልቅ ጡሩምባ ውስጥ እየጮኸ ነው ሸክላ ላይ የሚቀረጸው። ማይክሮፎን ሲመጣ ግን እነ ቢንግ ክሮስቢ መጮኽ እንደማያስፈልግ ገባቸው። ሰውዬው በጆሮህ ሥር ሆኖ ያንጎራጉርልሃል። እኛም ብንሆን ማንጎራጎርን እናውቀዋለን፤ ለአደባባይ የማይሆን፣ ሰው ሥራውን እየሠራ ለራሱ የሚለው ነገር ነው። የነዚህ ሰዎች ብልሃት ያንን ለብቻ የሚባለውን በሚሊዮን ሸክላ ላይ ማተማቸው ነው። ናት ደግሞ ከሁሉም የሚለየው መጀመሪያ ፒያኒስት ስለነበረ ነው። ፒያኒስት ዝምታ የዜማው ክፍል መሆኑን ያውቃል። ቃሉን አጥርቶ ይጠራል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ቀጣዩን ቃል በጊዜው ያስቀምጣል። አያቴ «አይቸኩልም» ያሉት ይኸንኑ ነው፤ እኔ በሦስት መጽሐፍ ያገኘሁትን እሳቸው በግድግዳ በኩል ሰምተውታል።

አሁን 1948 ላይ እንቁም፤ ቁጥርና ኑሮ ፊት ለፊት የሚፋጠጡት በዚህ ዓመት ነውና።

በዚያ ዓመት «ኔቸር ቦይ» የተባለው ዘፈኑ ወጣ፤ ለሳምንታት አንደኛ ሆኖ ሰነበተ፤ ያውም በጠቅላላው ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ በአጥሩ ውስጥ አይደለም። የዘፈኑ ደራሲ ኢደን አህቤዝ ጢሙን አሳድጎ በነጠላ ጫማ የሚዞር፣ ሆሊውድ የሚለው ታላቅ ጽሑፍ ሥር ያድር የነበረ ባሕታዊ ቢጤ ነው። ስሙን በትልቅ ፊደል አይጽፍም ነበር፤ ትልቅ ፊደል የሚገባው ለእግዚአብሔር ነው ይላል። (በኛ ፊደል ቢጻፍ ኖሮ ይኸ ሁሉ ጣጣ አይደርስበትም፤ ትልቅም ትንሽም የለንም!) በዚያ ዓመት ሙዚቀኞች የሥራ ማቆም አድማ ላይ ስለነበሩ ፍራንክ ሲናትራ ያንኑ ዘፈን ለመቅዳት ሲፈልግ ባንድ አጥቶ በመዘምራን ድምፅ ብቻ ታጅቦ ቀዳው። የናት ቅጂ አስቀድሞ ተቀድቶ የተቀመጠ ነበርና አሸነፈ። ዕድልም ነበረው ማለት ነው፤ ይህን አልክድም።

በዚያው ዓመት የበጋ ወራት ናትና ባለቤቱ ማሪያ በሎስ አንጀለስ ሃንኮክ ፓርክ ከሚባለው የሀብታሞች ሠፈር ቤት ገዙ። ሠፈሩ የነጮች ብቻ ነበር። እንዲህ ያሉ ሠፈሮች «ለጥቁር አይሸጥም» የሚል ውል በቤታቸው ሰነድ ያስገቡ ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ዓይነቱን ውል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙት የወሰነው በዚያው ዓመት በሜይ ነው፤ ዘፈኑ አንደኛ በነበረበት ሰሞን መሆኑ ነው! ፍርዱ ወረቀት ነው፤ ጎረቤት ግን ጎረቤት ነው። የሠፈሩ ባለቤቶች ተሰብስበው ያልተፈለገ ሰው እንዳይገባብን እንፈልጋለን አሉት። እሱም እኔም እንዲሁ ነኝ፣ ያልተፈለገ ሰው ሲገባ ካየሁ መጀመሪያ የምከስ እኔ ነኝ የሚል መልስ ሰጣቸው ይባላል። መልሱ ጥሩ ነበር። ቢሆንም የግቢው ሣር ላይ ስድብ በእሳት ተጻፈበት፤ የቤተሰቡ ውሻም ተመርዞ ሞተ። ሳይለቅ እስኪሞት ድረስ በዚያው ቤት ኖረ።

እኔን የሚከነክነኝ ከነዚያ ጎረቤቶች ቤት ውስጥ ሸክላው ይኖር ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ነው። ሠንጠረዡ ይህን አይነግረንም። ሸክላ ሻጩ ስንት እንደተሸጠ እንጂ ገዢው ወደ የትኛው ሠፈር እንደገባ አይመዘግብም። ነገር ግን አንድ ዘፈን በጠቅላላው አገር ለሳምንታት አንደኛ ከሆነ፣ ከእነዚያ ከሚያማምሩ ሳሎኖች በአንዱ እንኳ አልተሰማም ማለት ይከብዳል። ድምፁ በፊት በር ገብቶ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቱ ግን ከአጥር ውጭ ነው።

የቀሩትን ስኬቶቹን በጥድፊያ ልለፋቸው። በ1950 «ሞና ሊዛ» አንደኛ ወጣች፤ ለአንድ ፊልም የተደረሰች ነበረች፣ የአካዳሚ ሽልማትም አገኘች። ኩባንያው በሸክላው ጀርባ ነው ያስቀመጣት፤ ከፊት ያለውን ዘፈን ዛሬ የሚያስታውሰው የለም። ቅንብሩን የሠራው ኔልሰን ሪድል የተባለ ወጣት ሲሆን ሸክላው ላይ የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ነበር። (የቡድን ሥራ ሠርተን ስማችን የተዘለለ ሁላችን እዚህ ላይ እንተክዛለን።) በ1951 «ቱ ያንግ» አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት የቀዳው «አንፎርጌተብል»፣ ትርጉሙ «የማይረሳ» የሆነው፣ ከአሥሮቹ ውስጥ እንኳ ሳይገባ ቀረ። የማይረሳውን ረሱት! ኩባንያው በ1956 በሆሊውድ ክብ የሆነ ረጅም ሕንፃ ሲያቆም ሰዎች «ናት የሠራው ቤት» የሚል ቅጽል አወጡለት፤ በሱ ሸክላ ገንዘብ ነው የቆመው ለማለት ነው።

በዚያው በ1956 ግን ሌላም ነገር ሆነ፤ ባለላይ ያላወቀው፣ እኔም ለአያቴ ስፎክር ያላወቅሁት።

ባለላይ የጠቀሳቸው ውሾች የ1963 የበርሚንግሃም ከተማ ውሾች ናቸው። ናት በዚያችው ከተማ የተመታው ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ኤፕሪል 10 ቀን በከተማው አዳራሽ መድረክ ላይ ከአንድ የእንግሊዝ ባንድ ጋር እየዘፈነ ነበር። ተመልካቹ በሙሉ ነጭ ነው፤ የከተማው ሕግ ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይቀመጡ ስለሚከለክል ለጥቁሮች ሌላ ሰዓት ተይዞላቸዋል። ገና ጥቂት ዘፈን እንደዘፈነ የዘረኞች ማኅበር ሰዎች መድረኩ ላይ ሮጠው ወጥተው ጣሉት። በፒያኖው ወንበር ላይ ወድቆ ጀርባውን ተጎዳ። ፖሊሶች ያዟቸው። ናት ተመልሶ መድረኩ ላይ ሲቆም አዳራሹ ተነሥቶ ለብዙ ደቂቃ አጨበጨበለት። ያጨበጨቡትም ነጮች ናቸው፤ ጥቁር በዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ አልነበረምና። ትርኢቱን አልጨረሰም።

ይህ ሲሆን ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ርቃ በምትገኘው በትውልድ ከተማው በሞንትጎመሪ ጥቁሮች አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግራቸው ከሄዱ አራተኛ ወራቸው አልፏል። ስለዚህ ጥያቄው መነሣቱ አይቀርም፤ እነሱ እየተራመዱ አንተ ለነጭ ብቻ ለተከፈለ አዳራሽ ለምን ዘፈንህ? ናት እኔ አዝናኝ ነኝ፣ የአዳራሹን ሕግ በአንድ ቀን የምለውጥ አይደለሁም የሚል ዓይነት መልስ ሰጠ። ይኸ መልስ ከዱላው የባሰ ጉዳት አደረሰበት። የሃርለም ጋዜጣ ወረደበት፤ ሸክላውን ማጫወት የከሃዲ አስተሳሰብን መደገፍ ነው ብሎ የጻፈም ነበር። «አጎቴ ናት» እያሉ ዘለፉት።

እንግዲህ እንየው፤ የኔና የባለላይ ነቀፌታ አዲስ አልነበረም ማለት ነው። ወገኖቹ በሰዓቱ ብለውታል፤ ሊሉትም መብት ነበራቸው፤ እግራቸው እየቆሰለ ነበርና። እኛ ግን? እኛ በብርድ ልብስ ተጠቅልለን ነው የምንለው።

ደግሞ ነገሩ እነሱ እንዳሰቡትም አልነበረም። ለሞንትጎመሪ የአውቶቡስ አድማ ገንዘብ ሰጥቷል። ዘፍኖባቸው ሳለ አናስተናግድህም ያሉትን የሰሜን ሆቴሎች ከስሷል። ነቀፌታው ከወረደበት በኋላ በጥቁሮች መብት ማኅበር በኤን ደብል ኤ ሲ ፒ የዲትሮይት ቅርንጫፍ ገባ፤ በ1963 የዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ ሲዘጋጅም ተሳትፏል። በዚያው በ1956 መጨረሻ ኤን ቢ ሲ በተባለው ቴሌቪዥን የራሱን ፕሮግራም ጀመረ። ኤላ ፊትዝጄራልድን፣ ሃሪ ቤላፎንቴንና ሌሎችንም ያቀርብ ነበር፤ ብዙዎቹ ለወዳጅነታቸው በዝቅተኛው ክፍያ ነው የመጡለት። በመላ አገሪቱ ማስታወቂያውን የሚሸፍን አንድ ትልቅ ድርጅት ግን ጠፋ። የደቡብ ገበያ ይቀርብናል ብለው ፈሩ። በዲሴምበር 1957 ፕሮግራሙን ራሱ አቆመው፤ የማስታወቂያ ነጋዴዎቹ ጨለማ ይፈራሉ ብሎም ቀለደባቸው። በዚሁ በ1957 «ላቭ ኢዝ ዘ ቲንግ» የተባለው አልበሙ አንደኛ ነበር! ሸክላውን ሰዉ በጉጉት ይገዛል፤ ከፊቱ አጠገብ ሳሙና ለመሸጥ የሚደፍር ነጋዴ ግን የለም።

ይኸን ሁሉ ሰብስቤ አንድ ማታ ለባለላይ ዘረገፍኩለት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ፤ ይኸ ብቻውን ተአምር ነው። ሲያበቃ ምን አለኝ?

«እሺ። ተደብድቧል፣ ውሻው ተገድሏል፣ ገንዘብም ሰጥቷል። ዘፈኖቹ ውስጥ ግን ይኼ ሁሉ የታለ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። እስካሁንም አልለቀቀኝም። የተደበቀ ምሥጢር አለ፣ «ሞና ሊዛ» ማለት እንዲህ ማለት ነው ብዬ ቅኔ ፈትቼ ልገላገል እችል ነበር፤ እኛ አገር ለዘፈን ወርቁን ለማግኘት ማን ብሎን! ግን ውሸት ይሆናል። ዘፈኖቹ ውስጥ የለም። ሳቅ፣ ጽጌረዳ፣ ናፍቆት ነው ያለው። ሳሩ ላይ ስድብ የተቃጠለበት ሰው ስቱዲዮ ገብቶ ድምፁ እንዳይንቀጠቀጥ አድርጎ ስለ ፍቅር ዘፍኗል። ይህ ሽንፈት ነው ወይስ እልኽ? እኔ እልኽ ነው ባይ ነኝ፤ ማረጋገጫ ግን የለኝም። ባለላይ ሽንፈት ነው ይላል፤ እሱም የለውም። ያም ሆኖ ከዚያ ማታ ወዲህ ዝጋልኝ ብሎኝ አያውቅም። አንዴም፣ እንቅልፍ የወሰደኝ መስሎት፣ እግሩን ከላይ አልጋ ላይ በምት ሲያንቀሳቅስ ሰምቼዋለሁ።

ናት ኪንግ ኮል ሲጋራ አጫሽ ነበር፤ ድምፄን ያወፍርልኛል ብሎም ያምን ነበር። በ1962 «ራምብሊን ሮዝ» ሁለተኛ ደረጃ ድረስ ወጣለት፤ በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1965 በሳንባ ካንሰር በ45 ዓመቱ ሞተ። የሸክላው ቁጥር 45፣ የዕድሜው ቁጥር 45! ቆጠራው ግን እሱን አልጠበቀም። በ1991 ልጁ ናታሊ ኮል የአባቷን ድምፅ ከድሮው ቅጂ አስወጥታ ከራሷ ጋር በማጣመር «አንፎርጌተብል»ን እንደገና ስታወጣ አልበሟ አንደኛ ወጣ፤ በማግሥቱም ዓመት የግራሚ ሽልማቶችን ጠራርጋ ወሰደች። የገና ዘፈኑ፣ ሁለት ወጣቶች በጁላይ ሐሩር በረዶን እያሰቡ የደረሱት፣ ናትም በ1946 ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዳው፣ በ2023 መባቻ በሆት 100 ሠንጠረዥ ከአሥሮቹ ውስጥ ገባ። ዘፋኙ ከሞተ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ ነው እንግዲህ።

ባለፈው ዕረፍት ቤት ስገባ አያቴ ከበረንዳው ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጆሯቸው ደከም ብሏል። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ «አባባ፣ ያ ዘፋኝ ስሙ ናትናኤል ነው እኮ» አልኳቸው። «ናትናኤል?» አሉና ደስ አላቸው። ስለ ቤቱ፣ ስለ ውሻው፣ ስለ መድረኩ ነገርኳቸው። ስለ ወንበሩ ስነግራቸው ጀርባቸውን በእጃቸው ዳሰሱ። ቀጥዬም በ1958 ሃቫና ሄዶ በስፓኒሽ ቋንቋ አንድ ሙሉ አልበም መቅዳቱን፣ ቋንቋውን ግን እንደማያውቀው፣ ቃሉን በድምፁ ብቻ አጥንቶ እንደዘፈነው፣ የላቲን አሜሪካ ሰዎችም እንደወደዱለት አወራሁላቸው።

«ምን እንደሚል ሳያውቅ?»

«ሳያውቅ፣ አባባ።»

«ታዲያ እሱም እንደኔው ነበራ!» ብለው ሳቁ፤ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ድረስ ሳቁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። የቱን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «መርፌዋ አቧራ ይዛለች፤ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጋት» ብቻ አሉኝ። የጨርቅ ነገር ከሆነ ለሳቸው መንገር አያስፈልግም፤ ቁራጩን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ጠርጌ ሸክላዋን አስቀመጥኩ። እየተንጫጫች ጀመረች። አያቴ ወደ ማጫወቻው ጠጋ ብለው ደህነኛውን ጆሯቸውን አዞሩ፤ ሮዝ የምትለዋ ስትደርስ አብረው አሏት፣ የቀረውን ግን በራሳቸው ቋንቋ።

ሲያልቅ፣ «ገልብጠው» አሉኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን ገጽ ሲያስከፍቱ ሰምቼ አላውቅም ነበር።